ለዳታ ማዕከላት የሚዘረጋውን መስመር ዋጋ ማን ይክፈል?

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በቅርቡ አንድ እሑድ፣ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ አንዲት እናት ከቅዳሴ በኋላ የመብራት ሂሳባቸውን በእጃቸው ይዘው ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ አገኙኝ። እንጀራ ጋግረው ለሁለት ሱቆች ያስረክባሉ፤ ምጣዳቸው በሳምንት አራት ቀን ይሞቃል። «ልጄ፣ አንተ የመብራት ሰው ነህ፤ ምጣዴ ተበላሽቶ ይሆን እንዲህ የሚበላው?» አሉኝ። ከቦርሳቸው ያወጡትን ያምናውን ወረቀት ከዘንድሮው ጋር አጠጋግቼ ተመለከትሁ። የተጠቀሙበት ኪሎዋት ሰዓት እምብዛም አልተለወጠም፤ የጨመረው ዋጋው ነው፤ ያውም ከሁሉ ይልቅ «አቅርቦት» በሚለው ክፍል ሥር ያለው። ምጣዳቸው ጤነኛ መሆኑን ነገርኋቸው። ዋጋው ለምን እንደ ጨመረ ግን ደጃፍ ላይ ቆመው የሚጨርሱት ጉዳይ ስላልሆነ፣ ብዙ ወገኖቻችንም ይህንኑ ጥያቄ ይዘው እንደሚውሉ ስለማውቅ፣ መልሱን በጋዜጣችሁ በኩል ለማድረስ ተነሣሁ።

አገር ቤት ሳለሁ በአንድ ሰብስቴሽን፣ ማለትም ከፍተኛውን ቮልቴጅ ዝቅ አድርጎ ኃይል በሚያከፋፍል ጣቢያ፣ በፈረቃ እሠራ ነበር። ከተማው ሲተኛ ጭነቱ (ተጠቃሚው ከመረቡ የሚወስደው ኃይል) ሲወርድ፣ ማለዳ ምጣድ ሲጣድ ደግሞ ሲወጣ፣ በየሰዓቱ እያነበብሁ መዝገብ ላይ እጽፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960 ሥራ የጀመረው የቆቃ ኃይል ማመንጫ አቅሙ 43 ሜጋ ዋት ገደማ ነው፤ በዘመኑ ለአገሪቱ ትልቅ ነገር ነበር። ዛሬ ከደለስ አየር ማረፊያ ወጥቶ በ28 ቁጥር መንገድ ወደ አሽበርን የሚነዳ ሰው ግራና ቀኝ ከሚያያቸው መስኮት አልባ ሕንፃዎች መካከል ትልልቆቹ፣ እያንዳንዳቸው ቆቃ የሚያመነጨውን ያህልና ከዚያም በላይ ኃይል ሊወስዱ የሚችሉ ናቸው። እነዚህ ሕንፃዎች እጅግ ብዙ ኮምፒውተሮች ሌት ተቀን የሚሠሩባቸው የዳታ ማዕከላት ናቸው፤ በዓለም ላይ ትልቁ ክምችታቸው የሚገኘው እዚሁ ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ፣ በተለይም በላውደን ካውንቲ ነው። መንገደኛ የሚያመላልሱ ሾፌሮቻችን በየቀኑ በአጠገባቸው ያልፋሉ፤ ውስጣቸው ምን እንዳለ የሚያውቀው ግን ጥቂቱ ነው።

ለአሜሪካ የኃይል ሚኒስቴር በሎውረንስ በርክሊ ቤተ ሙከራ ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 የወጣው ጥናት እንደሚያሳየው፣ የዳታ ማዕከላት በ2023 የወሰዱት ኃይል ከአገሪቱ ጠቅላላ ፍጆታ 4.4 ከመቶ ነበር፤ በ2028 ደግሞ ከ6.7 እስከ 12 ከመቶ ሊደርስ ይችላል። ለዚህ ዕድገት ዋናው ገፊ ሰው ሠራሽ አስተውሎትን የሚያሠለጥኑትና የሚያሠሩት ኮምፒውተሮች ናቸው። የቨርጂኒያ ሕግ አውጪዎች የጥናትና የክትትል ኮሚሽን የሆነው ጄላርክም በዚያው ወር ባወጣው ዘገባ፣ የማዕከላቱ ፍላጎት ያለ ገደብ ከተስተናገደ የግዛቲቱ የኤሌክትሪክ ፍላጎት በአሥር ዓመት ውስጥ እጥፍ እንደሚሆን አመልክቷል።

የሲልቨር ስፕሪንጓ እናት ሂሳብ ከዚህ ጋር የሚገናኘው እንዲህ ነው። ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ዋሽንግተን ዲሲ ፒጄኤም በሚባለው፣ 13 ግዛቶችንና ዋና ከተማዋን በሚሸፍነው የጋራ የኤሌክትሪክ መረብ ውስጥ ናቸው። ይህ ድርጅት በጨረታ ለማመንጫዎች የዝግጁነት ክፍያ ይከፍላል፤ ይኸውም እጅግ ሞቃት ወይም እጅግ ቀዝቃዛ በሆነው ቀን ኃይል ለማቅረብ ዝግጁ ሆነው እንዲገኙ የሚከፈል ነው። ከሰኔ 2024 ጀምሮ ለነበረው ዓመት ዋጋው በአብዛኛው የመረቡ ክፍል በቀን ለአንድ ሜጋ ዋት 28.92 ዶላር ነበር። ለቀጣዩ ዓመት 269.92፣ ከሰኔ 2026 ለሚጀምረው ደግሞ 329.17 ዶላር ሆነ። የመጀመሪያውን ጭማሪ በተመለከተ የገበያው ገለልተኛ ተቆጣጣሪ ባቀረበው ስሌት፣ የዳታ ማዕከላት ነባርና መጪ ፍላጎት 9.3 ቢሊዮን ዶላር ያህል ወጪ አምጥቷል። እንግዲህ በቤታቸው አቅራቢያ አንድም የዳታ ማዕከል የሌላቸው እናት፣ አሽበርን ላይ ለቆመውና ገና ለሚቆመው ጭነት ከምጣዳቸው ገቢ እየከፈሉ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ይህ ዋጋ በቀጥታ ወደ አቅርቦት ክፍያው ይገባል፤ ቨርጂኒያ ውስጥ የራሳቸው ማመንጫ ያላቸው ኩባንያዎች ስለሚሠሩ የሚደርሰው በሌላ መንገድ ነው፤ መድረሱ ግን አይቀርም።

ማዕከላቱ ጉዳት ብቻ ናቸው ማለቴ አይደለም። ላውደን ካውንቲ ከእነርሱ የሚያገኘው ግብር ትምህርት ቤቶቹን ደግፏል፤ የነዋሪውንም የቤት ግብር አቅልሏል። ጄላርክም ማዕከላቱ እስከ ጥናቱ ጊዜ ድረስ በታሪፋቸው መሠረት ድርሻቸውን እየሸፈኑ እንደነበር በግልጽ አስቀምጧል። ችግሩ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ለእነርሱ ተብሎ የሚገነባው አዲስ ማመንጫና አዲስ መስመር ወጪው ለሁሉም ደንበኛ ስለሚከፋፈል፣ የአንድ መካከለኛ ቤተሰብ ሂሳብ በ2040 የዋጋ ንረት ሳይቆጠር በወር ከ14 እስከ 37 ዶላር ሊጨምር እንደሚችል ያው ዘገባ ገምቷል።

በሰብስቴሽን ሠራተኛነቴ ከገንዘቡም በላይ ያስጨነቀኝ ሐምሌ 10 ቀን 2024 ሰሜን ቨርጂኒያ ላይ የሆነው ነገር ነው። በአንድ ባለ 230 ሺህ ቮልት መስመር ላይ የመብረቅ መከላከያ ተበላሸ። መስመሩ ተቋርጦ በራሱ ለመመለስ ሲሞክር ቮልቴጁ በአጭር ጊዜ ውስጥ ስድስት ጊዜ ወረደ፤ ይህ በየትኛውም አገር የሚያጋጥምና መረቡ ሊችለው የሚገባ ነገር ነው። የዳታ ማዕከላቱ መጠባበቂያ መሣሪያዎች ግን የቮልቴጅ መውረዱን ይቆጥራሉ፤ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሦስት ጊዜ ከደረሰባቸው ከመረቡ ወጥተው ወደ ራሳቸው ባትሪና ጄኔሬተር ይዞራሉ፤ ሰው ካልመለሳቸውም አይመለሱም። በዚህ ምክንያት 60 ያህል ማዕከላት በአንድ ጊዜ ወጡ፤ 1,500 ሜጋ ዋት ጭነት ከመረቡ ላይ ተነሣ። እኛ ስንፈራ የኖርነው ማመንጫ ሲወድቅ ነበር፤ ጭነት እንዲህ በአንድ ጊዜ ሲወድቅም ያመነጩት ኃይል መሄጃ ያጣል፤ ፍሪኩዌንሲውም ቮልቴጁም ይወጣል። የዚያን ቀን ኦፕሬተሮቹ ቮልቴጅ ከፍ የሚያደርጉትን ካፓሲተር የሚባሉ መሣሪያዎች ከመስመር እያስወጡ ቮልቴጁን አወረዱት፤ ከተማም አልጨለመም። 1,500 ሜጋ ዋት የሆነው ግን የዚያን ቀን ነው፤ ማዕከላቱ በእጥፍ ሲያድጉ ምን ያህል እንደሚሆን ማሰብ የመሐንዲሶች ሥራ ብቻ ሊሆን አይገባም።

የኤሌክትሪክ ዋጋን የሚቆጣጠረው የቨርጂኒያ ስቴት ኮርፖሬሽን ኮሚሽን፣ የግዛቲቱን ትልቁን የኤሌክትሪክ ኩባንያ ዶሚኒየን ኢነርጂን በሚመለከት በኅዳር 2025 የሰጠው ውሳኔ መልካም ጅምር ነው። ከጥር 2027 ጀምሮ 25 ሜጋ ዋትና ከዚያ በላይ የሚጠይቁ ትልልቅ ተጠቃሚዎች በተለየ የታሪፍ ክፍል ይመደባሉ፤ ለ14 ዓመት ይዋዋላሉ፤ ካዘዙት አቅም ውስጥ ለማስተላለፊያና ለማከፋፈያው ቢያንስ የ85 ከመቶውን፣ ለማመንጫው የ60 ከመቶውን ዋጋ ቢጠቀሙበትም ባይጠቀሙበትም ይከፍላሉ። ሜሪላንድም በ2025 ባወጣችው ሕግ የኤሌክትሪክ ኩባንያዎች ለትልልቅ ጭነቶች የተለየ ታሪፍ እንዲያቀርቡ አዛለች።

እኔ ግን የማመንጫው 60 ከመቶ ያንሳል እላለሁ። ያው ኮሚሽን በዚያው ወር ቼስተርፊልድ ላይ እንዲሠራ የፈቀደው 944 ሜጋ ዋት የጋዝ ማመንጫ ከ14 ዓመት እጅግ የረዘመ ዕድሜ አለው። የሰው ሠራሽ አስተውሎት ገበያ ቢቀዘቅዝ ወይም ኮምፒውተሮቹ በትንሽ ኃይል መሥራት ቢችሉ፣ ቀሪው ዕዳ በማን ትከሻ ላይ ይወድቃል? ጭነቱን ያዘዘው ወገን ዋስትናውንም ሙሉ በሙሉ ሊይዝ ይገባል።

ፍላጎቱን ለማሟላት ማመንጫ መገንባት ብቻ አይደለም መንገዱ። አገር ቤት ኃይል ሲያጥር ፋብሪካዎች ከምሽቱ የጭነት ሰዓት እንዲወጡ እንጠይቅ ነበር፤ ይህ ለማንም አዲስ ነገር አይደለም። የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በየካቲት 2025 ባወጡት ጥናት፣ አዳዲስ ትልልቅ ጭነቶች በዓመት ከሚጠቀሙት ኃይል የአንድ ከመቶውን ሩብ (0.25 ከመቶ) ብቻ በጭንቅ ሰዓታት ለመቀነስ ቢስማሙ፣ አሁን ያለው የአሜሪካ መረብ 76 ሺህ ሜጋ ዋት ገደማ ተጨማሪ ጭነት ሊቀበል እንደሚችል አሳይተዋል። ለሰው ጥያቄ ወዲያው የሚመልሰው አገልግሎት መጠበቅ ባይችል፣ ሳምንታት የሚፈጀው የማሠልጠን ሥራ ለጥቂት ሰዓት ጋብ ቢል ማንንም አይጎዳም። ጉግል በነሐሴ 2025 ከሁለት የኤሌክትሪክ አቅራቢዎች ጋር ይህን ለማድረግ ተዋውሏል። አንዱ ኩባንያ በፈቃዱ የተስማማበት ለሌሎቹ የመስመር ማገናኛ ቅድመ ሁኔታ ሊሆን ይገባል፤ በናፍጣ ጄኔሬተር መተካቱ ግን እንዳይቆጠርላቸው፤ በሺዎች የሚቆጠሩት ጄኔሬተሮች ጢሳቸው የሚወርደው ልጆቻችን በሚማሩበት ሰፈር ላይ ነውና።

የሁለቱም ግዛቶች ኮሚሽኖች በታሪፍ ጉዳይ ላይ ከመወሰናቸው በፊት የሕዝብ አስተያየት ይቀበላሉ፤ በጽሑፍም በቃልም። ጋዜጣችሁ የነዚህን ስብሰባዎች ቀንና የመዝገብ ቁጥር በአማርኛ በየጊዜው ቢያወጣልን ትልቅ አገልግሎት ይሆናል። አስተያየት ለመስጠት መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም፤ ሁለት ዓመት የተያያዘ የሂሳብ ወረቀትና «እኔ ያልጨመርሁትን ለምን እከፍላለሁ?» የሚል አንድ ገጽ ይበቃል። እኚያ እናት የነገሩኝን በእንግሊዝኛ ጽፌላቸዋለሁ፤ በሚቀጥለው እሑድ ይፈርሙበታል። እንደ እርሳቸው ወረቀቱን ይዞ ለሚመጣ ሁሉ ከቅዳሴ በኋላ እዚያው ደጃፍ ላይ እገኛለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣

የቀድሞ የሰብስቴሽን ሠራተኛ
ፌርፋክስ ካውንቲ፣ ቨርጂኒያ