ቱነር ከመግዛታችሁ በፊት

ውድ አባላት፣

የቱነር፣ ማለትም የሙዚቃ መሣሪያ ክር በትክክል መቃኘቱን የሚያሳየው መለኪያ፣ ዋጋ እየናረ ስለሆነ ቸኩላችሁ አትግዙ። ጸጥ ባለ ክፍል ብቻውን ለሚለማመድ ሰው የስልክ መተግበሪያ ይበቃል፤ ገንዘቡ ለክር ይቀመጥ። ብዙ ሰው አብሮ በሚጫወትበት ግን የስልኩ ማይክሮፎን የጎረቤቱን ድምፅ ስለሚቀላቅል ጠቋሚው መርፌ ይዋልላል። እዚያ የሚያዋጣው በሙዚቃ መሣሪያው ራስ (የክር መጠምዘዣዎቹ ባሉበት ጫፍ) ላይ የሚቆነጠጠው የቱነር ዓይነት ነው፤ ንዝረቱን በቀጥታ ከእንጨቱ ያነባል። መቆንጠጫው የላላ ከሆነ ግን ንዝረቱ በደንብ አይደርሰውም፤ አትውሰዱት።

ክሮማቲክ የሆነውን ምረጡ። 12ቱንም ድምፆች ስለሚያውቅ ለጊታርም ለቫዮሊንም አንድ ይበቃል። ለባለቀለም ስክሪን ተጨማሪ መክፈል አያስፈልግም። ብዙዎቹ የሚሠሩት ሲአር2032 በሚባለው ክብ ጠፍጣፋ ባትሪ ነው፤ ለረጅም ጊዜ የማትጠቀሙበት ከሆነ ባትሪውን አውጡት።

ያላችሁን ቱነር «ተበላሸ» ብላችሁ ከመጣላችሁ በፊት ደግሞ እባካችሁ የሄርዝ ቁጥሩን፣ ማለትም ቱነሩ ለ«ላ» (A) ድምፅ መነሻ የሚያደርገውን የንዝረት ልክ፣ እዩ። ቁልፉ ሳይታወቅ ተነክቶ ከ440 ወደ 432 ወርዶ ከሆነ «ልክ ነው» የሚለው አረንጓዴ መብራት እየበራ እንኳ የሙዚቃ መሣሪያው 32 ሴንት ያህል፣ ማለትም የግማሽ ድምፅ ሲሶ ገደማ፣ ዝቅ ብሎ ይቃኛል።

ስትቃኙ የክሩ ድምፅ ከሚፈለገው ካለፈ ከዚያ በታች አላሉትና እያጠበቃችሁ አምጡት። ከላይ እያላላችሁ ካቆማችሁት ለምሳሌ በጊታር የክር መጠምዘዣ ጥርስ ላይ የቀረው ክፍተት ትንሽ ቆይቶ ድምፁን ያወርደዋል።