አንድ ማይክሮስኮፕና ሁለት የጠፉ ስላይዶች፦ የባዮሎጂ ክበብ የ2017 ዓ.ም ዘገባ

ክበባችን ዘንድሮ በ34 አባላት ጀምሮ በ19 ጨርሷል። ክበቡ ስለተዳከመ ነው የሚሉ እንዳሉ ሰምቻለሁ። አይደለም። በሁለተኛው ሴሚስተር የማጠናከሪያ ትምህርት ረቡዕ ከሰዓት ላይ ስለተደረበብን ነው። አሥራ አንድ ጊዜ ተሰብስበናል፣ ቃለ ጉባኤው በእጄ አለ። ጸሐፊ መርጠናል፣ በሚኒ ሚዲያ አራት ጊዜ ቀርበናል፣ ቤተ ሙከራውን ሁለቴ አጽድተናል። የስብሰባው ነገር ይኸው ነው።

የዓመቱ ርዕሳችን የእንስሳት ሕዋስ ውስጣዊ ክፍሎች ነበር። የመረጥኩት እኔ ነኝ። ልጆቹ ኒውክለስ (የሕዋሱ አዛዥ)፣ ራይቦዞም (ፕሮቲን ሠሪው)፣ ማይቶኮንድሪያ እያሉ እንደ ዳዊት ይደግሙታል እንጂ አንዱንም በዓይናቸው አላዩም። መጀመሪያው ቀን ላይ «ማይቶኮንድሪያ የሕዋስ ኃይል ማመንጫ ነው» ብዬ ሳልጨርስ ከኋላ «መብራት ይጠፋበታል?» የሚል ድምፅ መጣ። ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን ጥያቄውን ወደድኩት፤ ይጠፋበታልና። ኦክስጅን ሲቋረጥ ማይቶኮንድሪያው ሥራውን ያቆማል። የልብ ጡንቻ ሕዋስ ውስጡ ሲሶው ያህል ማይቶኮንድሪያ ነው፣ ደም ሲቋረጥበት ቶሎ የሚጎዳውም ለዚህ ነው።

ለወላጆች ቀን የሕዋስ ሞዴል ሠርተን ነበር። ኒውክለሱ ብርቱካን፣ ራይቦዞሞቹ ጤፍ፣ ጎልጂው (ፕሮቲን አሽጎ የሚልከው ክፍል) ደግሞ የተደራረበ እንጀራ። በማግስቱ ስንመጣ ጎልጂው የለም፤ አይጥ በልቶታል። «ላይሶዞም ገብቶበት ነው» ያለውን ልጅ ሙሉ ነጥብ ሰጥቼዋለሁ፤ ያረጀ የሕዋስ ክፍል እየፈጨ የሚያስወግደው ላይሶዞም ነውና። ሞዴሉ ግን ያለ ጎልጂ ቀረበ፣ ወላጆችም አላወቁብንም።

ከዚያ ወደ ማይክሮስኮፑ። ያለን አንድ ነው፣ ያውም መስታወቱ ብርሃን እየለቀመ የሚሠራው ዓይነት፤ ስለዚህ ጸባችን ከመብራት መጥፋት ሳይሆን ከደሴያችን የጦሳ ተራራ ጉም ጋር ነው። ጉሙ ሲወርድብን ተስፋ የምቆርጠው እኔ ነኝ፣ ልጆቹ «አብሽር ቲቸር፣ ይገለጣል» ይላሉ። የጉንጫቸውን ውስጥ በስቴኪኒ ፍቀው፣ ሜቲሊን ብሉ በሚባል ሰማያዊ ማቅለሚያ አቅልመው የራሳቸውን ኒውክለስ አይተዋል። የቀሩት ክፍሎች በእኛ መሣሪያ አይታዩም። «አዲስ ቢገዛ ሁሉንም ታያላችሁ?» ብለው ለጠየቁኝ የወላጅ ኮሚቴ አባላት እውነቱን ልናገር፦ አናይም። በብርሃን የሚሠራ ማይክሮስኮፕ ከ200 ናኖሜትር በታች የተቀራረበውን መለየት አይችልም፣ ራይቦዞም ደግሞ ከ20 እስከ 30 ናኖሜትር ነው (ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው)።

አሁን ወደ ስላይዶቹ፣ ናሙና ወደምናስቀምጥባቸው ስስ መስታወቶች። ከገና በፊት ባለው ረቡዕ ስቆጥር ሁለት ጎደሉ። ተቆጣሁ፤ አሁን ሳስበው ከልክ በላይ ተቆጥቻለሁ። ከበዓሉ በኋላ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሁለቱንም በብስኩት ካርቶን አድርጋ መጣች። ለገና ከታረደው ዶሮ ደም ቀብታባቸው፣ በንፋስ አድርቃ። ቁጣዬን መቀጠል ነበረብኝ፣ ነገር ግን የደሙ አቀባብ ከእኔ ይሻላል። በአልኮል አጥበን፣ ቀለም ነክረን፣ መስኮቱ አጠገብ አስቀመጥነው።

«ቲቸር፣ መሃላቸው ላይ ነጥብ አለ።»

ቀይ የደም ሕዋስ ኒውክለስ የለውም ብዬ ያስተማርኩት በኅዳር ነው። «ቀለሙ ቋጥሮ ነው» አልኳት።

«ሁሉም ላይ ይቋጥራል?»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። እንደ ገብስ ፍሬ ሞላላ የሆኑ ሕዋሳት፣ በእያንዳንዳቸው መሃል ጥቁር ሰማያዊ ኒውክለስ። ኒውክለስ የሌለው የእኛና የሌሎች አጥቢዎች ቀይ ደም ሕዋስ ነው፣ የወፍ ዘር ቀይ ደም ሕዋስ ግን ኒውክለስ አለው። ይህን ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ተምሬዋለሁ፤ ረስቼዋለሁ። ልጆቹ ፊት ተሳስቻለሁ አልኩ፣ ቀጥሎም እንደ ማካካሻ የጎልጂን ታሪክ ነገርኳቸው። ካሚሎ ጎልጂ በ1898 እ.ኤ.አ. ጉጉት በሚባለው ወፍ የነርቭ ሕዋስ ውስጥ ያንን መረብ አየሁ ሲል፣ ለአሥርተ ዓመታት ብዙዎች «የማቅለሚያው እንከን ነው» ሲሉት ነበር። እውነት መሆኑ የተረጋገጠው በ1950ዎቹ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ነው። እኔም እሷን ያልኳት ያንኑ ነው።

በመጋቢት በከተማችን ያለ አንድ ኮሌጅ ቤተ ሙከራውን ከፈተልን። አሥራ ዘጠኙም በፒያሳ በኩል በእግር ሄድን፤ ባለ ስላይዷ ልጅ ካርቶኑን እንደ እንቁላል አቅፋ ለማንም አላስነካችም። እዚያ በዘይት በሚሠራው ሌንስ፣ በ1,000 እጥፍ፣ የዶሮውንና የሰውን ደም ጎን ለጎን አየን። የሰውን ሲያይ አንዱ «የኛ ባዶ ነው እንዴ?» አለ። ባዶ አይደለም፤ ሲበስል ውስጡን ኦክስጅን ተሸካሚ በሆነው ፕሮቲን፣ በሄሞግሎቢን፣ ሞልቶ ኒውክለሱንም ማይቶኮንድሪያውንም ያስወግዳል። «ታዲያ ያለ ኒውክለስ ማን ትእዛዝ ይሰጠዋል?» አለች ባለ ስላይዷ። ማንም። አስቀድሞ በተሠራለት ፕሮቲን ይኖራል፣ ቢጎዳ ራሱን መጠገን አይችልም፣ 120 ቀን ያህል ዞሮ ያበቃል። ዓይኗን ከሌንሱ ሳታነሳ «ስንቁን ይዞ የወጣ መንገደኛ ነዋ» አለች። ስንት ዓመት ሳስተምር እንዲህ ብዬ አስረድቼ አላውቅም። ትንሽ ወደ መስኮቱ ዞር አልኩ።

የእኛ ማይክሮስኮፕ እንዲህ በዘይት የሚሠራው የ100 እጥፍ ሌንሱ (ከዓይን ሌንሱ ጋር ሲባዛ 1,000 እጥፍ የሚሰጠው) ከተሰነጠቀ ሦስት ዓመቱ ነው። ለእግር ኳስ ቡድኑ ማሊያ መገዛቱን አልቃወምም፣ ልጆቹ አምሮባቸዋል። ሌንሱም ዘይቱም ግን ተጠይቆ ነበር፤ ደብዳቤው ቅጂ አለው።

ለሚቀጥለው ዓመት አንድ የክበቡ አባል ባቲ እንሂድ ብሏል። የግመል ቀይ ደም ሕዋስ እንደ ዶሮው ሞላላ ነው፣ ግን አጥቢ ስለሆነ ኒውክለስ የለውም። ባቲ ያሉ ዘመዶቹ ግመል ያርዳሉ፣ ደሙን እሱ ያመጣል፤ ግመል የማይበላ ቤት ያደጉትም ለማየት ስማቸውን አስመዝግበዋል። የጎደለን ሌንሱና የመኪና ኪራይ ነው። ማዋጣት የሚፈልግ ወላጅ ረቡዕ ከሰዓት ቤተ ሙከራ ያገኘኛል፤ ጉም ካልወረደ ስላይዶቹንም አሳያለሁ።