መርፌሽን እንዳታቋርጪ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? ይህን ጥያቄ በየደብዳቤዬ ለወጉ እጽፈው ነበር፤ ዛሬ ግን መልሱን እስክሰማ ድረስ እህል አልወርድ ብሎኛል። አክስትሽ ትናንት ደውላ፣ የፊታችን ሰኞ ለሁለት ሱባኤ ጸበል ልትገቢ እንደሆነ፣ ኢንሱሊኑን በአከራይሽ ማቀዝቀዣ ውስጥ ትተሽው እንደምትሄጂ፣ የማታውን መርፌ ደግሞ ከአሁኑ መዝለል እንደጀመርሽ ነገረችኝ። ስልክሽ ስለማይነሳ ይህን ደብዳቤ ለጎረቤታችን ልጅ ሰጥቼ ልኬዋለሁ። ከሁሉ አስቀድሞ የምለምንሽ አንድ ነገር ነው፤ መርፌሽን እንዳታቋርጪ።

ጸበል አትግቢ አላልሁም። በሰማንያ ቀንሽ ክርስትና ያስነሳሁሽ አባትሽ ጸበል የሚያቃልል ሰው አይደለም። ያስደነገጠኝ አጥማቂው ነግሮሻል የተባለው ቃል ነው፤ መድኃኒት ይዞ የሚጠመቅ ተጠራጣሪ ነው፣ በሁለት ሱባኤ ፈጽመሽ ትድኛለሽ ብሎሻል አሉ። አንቺም ለአክስትሽ «ተስፋ አያሳፍርም» ብለሽ መልሰሽላታል። ቃሉ እውነት ነው። ነገር ግን ሐዋርያው ለሮሜ ሰዎች ይህን የጻፈው የእግዚአብሔር ፍቅር በልባችን ስለ ፈሰሰ ነው እንጂ፣ አንድ ሰው ቀን ቆርጦ ስለ ሰጠን አይደለም።

ትንቢተ ኤርምያስ ምዕራፍ 28ን አውጥተሽ አንብቢ። ሐናንያ በቤተ መቅደስ፣ በሕዝቡ ሁሉ ፊት፣ በእግዚአብሔር ስም የባቢሎን ቀንበር በሁለት ዓመት ውስጥ ይሰበራል አለ። ኤርምያስ አስቀድሞ የመለሰለት «አሜን፣ እግዚአብሔር እንዲህ ያድርግ» ብሎ ነው። ይህን አሜን ባነበብሁ ቁጥር ልቤ ይነካል፤ ነቢዩ የሕዝቡን ነጻ መውጣት ከሐናንያ አብልጦ ይመኝ ነበርና። እኔም በመዳንሽ ላይ አሜን እላለሁ፤ በ11 ዓመትሽ ከታመምሽበት ቀን ጀምሮ በየቅዳሴው የምለምነው ይህንኑ ነው። ይሁን እንጂ የምርኮው ዘመን 70 ዓመት ነበር፤ በሁለት ዓመት እመለሳለሁ ብሎ የሚጠብቅ ሰው ደግሞ ቤት አይሠራም፣ ተክል አይተክልም። ስለዚህ ኤርምያስ ለምርኮኞቹ በላከው ደብዳቤ ቤት ሥሩ፣ ተክል ትከሉ፣ ፍሬውንም ብሉ አላቸው። ሁላችንም በግድግዳችን የምንሰቅለው «ፍጻሜና ተስፋ እሰጣችሁ ዘንድ» የሚለው ቃል የሚገኘው በዚያው ደብዳቤ ውስጥ፣ ከሰባው ዓመት ቀጥሎ ነው።

አሁን እስከ ዛሬ በሙሉ ያልነገርሁሽን ልንገርሽ። ፎቶግራፉ ሳሎናችን ውስጥ የተሰቀለው አጎትሽ በድንገተኛ ሕመም ሞተ እያልን ነው ያሳደግናችሁ። ሕመሙ ያንቺው የስኳር ሕመም ነበር። በ1979 ዓ.ም. እርሱ 19፣ እኔ 24 ዓመታችን ነበር። ማቀዝቀዣ ስላልነበረን እናታችን ብልቃጦቹን በትንሽ የሸክላ ማሰሮ፣ እርጥብ አሸዋ ውስጥ ቀብራ ከጓዳው ጥግ ታስቀምጥለት ነበር፤ በየጠዋቱም አሸዋው ላይ ውሃ ታርከፈክፋለች። አንድ ሰው መድኃኒቱን ጥሎ ወደ ጸበል የመጣ በሰባት ቀን ይድናል አለን። እናቴ እንቢ አለች፤ ያሳመንኋት እኔ ነኝ። ማሰሮዋን እቤት አስቀርቼ ወንድሜን ይዤ የሄድሁትም እኔ ነኝ።

በሦስተኛው ቀን የውሃ ጥሙ ጠና፤ በአራተኛው ያስመልሰው ጀመር። እኛም በዙሪያው ቆመን «እየወጣለት ነው» እያልን እግዚአብሔርን አመሰገንን። ትንፋሹ ጥልቅና ፈጣን ሆነ፣ አፉም ከመጠን በላይ እንደ በሰለ ፍሬ ይሸት ነበር፤ ያንንም በጎ ምልክት አድርገን ቆጠርነው። ከዓመታት በኋላ አንድ ሐኪም እንዳስረዳኝ፣ ኢንሱሊን ያጣ ሰውነት በደሙ ውስጥ ያለውን ስኳር መጠቀም ስለማይችል ስቡን ያቃጥላል፣ ከዚያ የሚወጣው አሲድም ደሙን ይመርዘዋል፤ ማስመለሱም፣ ትንፋሹም፣ ሽታውም የዚያ መርዝ ምልክቶች ነበሩ። ወንድሜ በስድስተኛው ቀን ንጋት ላይ እጄን እንደ ያዘ አረፈ። ከቀብር መልስ ማሰሮዋን ስከፍት አሸዋው እርጥብ ነበር። እናቴ እኛ በሌለንበትም በየጠዋቱ ስታርከፈክፍ ኖራለች፤ ሁለቱ ብልቃጦች እንደ ቀዘቀዙ ነበሩ።

ለቅሶ የደረሰው ሁሉ «በእምነቱ ሄደ» እያለ አጽናናኝ። እኔ ግን ያደረግሁትን እምነት ብዬ ልጠራው አልቻልሁም። ዲያብሎስ ጌታን ከመቅደስ ጫፍ ራስህን ወርውር ሲለው የጠቀሰው መዝሙር እውነተኛ የእግዚአብሔር ቃል ነበር፤ ጌታም ጌታ አምላክህን አትፈታተነው ተብሎ ተጽፏል ብሎ መለሰለት። ወንድሜን ከዚያ ጫፍ የገፋሁት እኔ ነኝ። አንቺ እንዳትወረወሪ፤ መርፌሽን እንዳታቋርጪ።

ለንጉሥ ሕዝቅያስ ቀን የቆረጠለት ራሱ እግዚአብሔር ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ወደ መቅደስ ትወጣለህ፣ በዕድሜህም 15 ዓመት እጨምራለሁ ብሎት ነበር። ሆኖም ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ አምጥታችሁ በቁስሉ ላይ አድርጉለት አለ። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስም በ1999 ዓ.ም. የኤችአይቪ ሕሙማን ጸበሉን ከመድኃኒቱ ጋር እንዲወስዱ በይፋ አስተምረዋል። ኢንሱሊን ለመጀመሪያ ጊዜ የተወጋው በካናዳ፣ በቶሮንቶ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1922 አንድ የ14 ዓመት ልጅ ነው፤ ከዚያ በፊት ይህ ሕመም የያዘው ልጅ ሁሉ በእናቱ ዓይን ፊት እየመነመነ ይሞት ነበር። እኔ ያችን ብልቃጥ የእነዚያ እናቶች ጸሎት መልስ አድርጌ ነው የማያት።

አሁን የምልሽን በጥሞና ስሚ። ደብዳቤዬ እንደ ደረሰሽ ስኳርሽን ተለኪና ቁጥሩን በስልክ ላኪልኝ። የማታውን መርፌ ዛሬውኑ መልሺ፤ ስለ መጠኑ ሐኪምሽን እንጂ ሌላ ሰው አትጠይቂ። ቢያስመልስሽ ወይም ትንፋሽ ቢያጥርሽ ሰዓት ሳትቆጥሪ ሆስፒታል ሂጂ። መድኃኒቱን ከማቀዝቀዣው የበረዶ ክፍል አርቂው፤ በረዶ ከሆነ ስለማይሠራ ጣዪው። ስኳርሽ ድንገት ቢወርድ ከረሜላ ከቦርሳሽ አይለይ። ስለ ጾሙ ደግሞ የንስሐ አባትሽን አማክሪ፤ ታማሚ መሆንሽን አልነገርሻቸው ከሆነ እቆጣሻለሁ።

ቅዳሜ ማታ እደርሳለሁ። ሰኞ ወደ ጸበሉ አብረን እንሄዳለን፤ ሁለቱንም ሱባኤ ከጎንሽ ሆኜ እጸልያለሁ። እዚያ ማቀዝቀዣ እንደሌለ ዐውቃለሁ፤ የእናቴን ማሰሮ ይዤልሽ እመጣለሁ። አንቺ ንጹሕ አሸዋ አዘጋጅተሽ ጠብቂኝ።

አባትሽ