ለልጆቻችን ማንበቢያ ቤት ቀይ ድንጋይ እንግዛ

የባሕር ዳር ልጆች፣ በቅርብም በሩቅም ያላችሁ፣ ሰላምታችን ይድረሳችሁ።

በእድራችን ግቢ ያለችው የልጆች ማንበቢያ ቤት ከእንጨትና ከጭቃ የተሠራች ናት። ማገሯን ምስጥ በልቶታል። በክረምት እርጥበቱ ከመሬት ወደ ግድግዳው ይወጣል፤ መጻሕፍቱ ይሻግታሉ። ስለዚህ ቤቷን አፍርሰን በድንጋይ ለመሥራት ተስማምተናል።

ለመሠረቱና ለግድግዳው ጥቁር ድንጋይ እዚሁ አለልን። የጎደለን ለበርና ለመስኮት መቃን የሚሆነው ቀይ አሸዋ ድንጋይ ነው። ጥቁሩ ጠንካራ ቢሆንም ለመጥረብ ያስቸግራል። ቀዩ ግን ለመሮ ይመቻል፤ ጠርዙ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ከድንጋይ ካባው እንደወጣ ለስላሳ ነው፤ ውስጡ ያለው ውሃ ሲደርቅ ይጠነክራል። ቅላቱ ከብረት ዝገት የመጣ ስለሆነ እንደ ቀለም አይላጥም።

ጽናቱን የሚጠራጠር ካለ በትግራይ ያለውን ገርዓልታን ያስብ። የአቡነ የማታ ጉህ ቤተ ክርስቲያን የተፈለፈለው ከቀይ አሸዋ ድንጋይ ነው፤ ዛሬም ይቀደስበታል። ለእኛ ቅርብ የሚሆነው ደጀንን አልፈው ወደ አባይ በረሃ ሲወርዱ ገደሉ ላይ የሚታየው ነው።

ቀይ የሆነ ሁሉ ግን አይገዛም። አሸዋውን ያጣበቀው ሸክላ አፈር ከሆነ ውሃ ሲነካው ይፈረካከሳል። ስለዚህ ናሙናውን ውሃ ውስጥ አሳድረን እንፈትሻለን። ሲገነባም ንብሩ፣ ማለትም አሸዋው የተነባበረበት ድርብርብ፣ እንደ ተፈጥሮው ተኝቶ መቀመጥ አለበት፤ ከቆመ ፊቱ ይላጣል። ማያያዣው ኖራ ይሆናል። ሲሚንቶ እርጥበቱን ድንጋዩ ውስጥ ያስቀረዋል።

ብሎኬት ይሻላል ያላችሁን ሰምተናል። እውነት ነው፣ ፈጥኖ ያልቃል። ግን ልስኑና ቀለሙ በየጊዜው መታደስ አለበት፤ የእድራችን አቅም ደግሞ ይህን አይችልም።

ትልቁ ወጪ ጭነቱ ነው። አይሱዙ ያላችሁ፣ በደጀን በኩል ባዶ የምትመለሱ ከሆነ እባካችሁ ድንጋያችንን ጫኑልን። ግንበኞችና ድንጋይ ጠራቢዎች፣ የአንድ ቀን ጉልበታችሁን ስጡን፤ ወጣቶቻችንም ከእናንተ ሙያ ይማራሉ። ገንዘብ የምታዋጡ ለእድሩ ገንዘብ ያዥ አስረክቡ። ውጭ አገር ያላችሁም በቤተሰቦቻችሁ በኩል መላክ ትችላላችሁ። መቶ ብርም ቢሆን ደረሰኝ ይቆረጥለታል። የተገዛው ሁሉ ከነዋጋው በእድሩ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል።

ሥራው ከፋሲካ በኋላ ይጀመራል። ክረምቱ ሳይገባ ጣሪያው መልበስ አለበትና አደራ፣ ቶሎ ድረሱልን።