ላይብረሪ እኮ ሥራ የለም

አዲስ አበባ፣ ቅዳሜ ሰኔ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሆድዬ፣ እንዴት ነሽልኝ? እትዬስ ደህና ናቸው? ልጆቹ አደጉልሽ?

መጀመሪያ ስድቤን ልቀበል። ጥር ላይ የላክሽልኝን የድምፅ መልእክት፣ ያንን የ11 ደቂቃውን፣ እስከ ትናንት ማታ አልከፈትኩትም ነበር። "ተረጋግቼ እሰማዋለሁ" ስል አምስት ወር አለፈ። ትናንት የታክሲ ወረፋ ላይ ቆሜ ከፈትኩት። "ሞተሽ እንደሆነ ንገሪኝና ልቅሶ ልድረስ" ያልሽው ጋ ስደርስ ብቻዬን ሳቅኩ። ከፊቴ የቆሙ እናት ዞረው አማተቡ። አልሞትኩም። ላይብረሪ ነው ያለሁት።

ዛሬም እዚያው ነኝ፣ ቆጠራ ላይ። ሰኔ 30 ሳይደርስ መዝገቡና መደርደሪያው መስማማት አለባቸው። ይኸው አቧራ እየጠረግኩ፣ በመሀል እየጻፍኩልሽ ነው። ጽሑፉ አንዳንድ ቦታ ከቆሸሸ ይቅር በይኝ፣ ኮላ ነው።

አዲስ የመጣ መምህር ሁሉ ሲያየኝ ምን እንደሚለኝ ታውቂያለሽ? "አንቺማ ታድለሽ! ላይብረሪ እኮ ሥራ የለም።" ችግሩ ዳይሬክተሩም ይህን ማመናቸው ነው። ሥራ የሌለበት ቤት ከተባለ ደግሞ የትምህርት ቤቱ ሥራ ሁሉ ወደዚያው ይፈስሳል። መምህር ሲቀር ክፍሉ እንዳለ ወደ እኔ ይላካል። 54 ልጅ፣ 30 ወንበር። ስብሰባ ሲኖር ቃለ ጉባኤ ያዥዋ እኔ ነኝ፤ የእጅ ጽሕፈቴ ያምራል አሉ። ሚኒ ሚዲያውም የእኔ ነው። ምገባ ላይ ተራዬ ሲደርስ ሳህን እቆጥራለሁ። መስከረም ላይ የመማሪያ መጽሐፍ የማድለው እኔ። ሰኔ ላይ ሽፋኑ የተገነጠለውን ከልጅም ከወላጅም ጋር እየተጨቃጨቅኩ የምሰበስበውም እኔ። ይኼ ሁሉ ሆኖ ሪፖርት ላይ "የላይብረሪ ሥራ" የሚለው አምድ ሁለት መስመር ናት።

የቤቱን ተዪው። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ እነሳለሁ። ውኃ በፈረቃ ስለሆነ መጣች አልመጣችም እያልኩ ባልዲ ሳማርጥ ይነጋል። የእማዬን ስኳር እለካለሁ፣ የልጁን ምሳ ዕቃ እቋጥራለሁ፣ ሁለት ታክሲ ይዤ ለሰንደቅ ዓላማ እደርሳለሁ። አንዳንዴ መዝሙሩ መሀል ላይ ነው የምደርሰው፤ በር ላይ ቀጥ ብዬ ስቆም የረፈደብኝ ሳይሆን ሀገር ወዳድ እመስላለሁ።

ግን ረቡዕ አለችኝ። ረቡዕ የሁለተኛ ክፍል ልጆች አንድ ክፍለ ጊዜ ተረት ይሰማሉ። "ተረት ተረት!" ስል "የላም በረት!" ብለው ሲመልሱ ከጣሪያው አቧራ ይረግፋል፣ ከምሬ ነው። ጅብና አህያ ስሆን ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ነው የምጮኸው። ባለፈው ማታ ልጄ መጽሐፍ ይዞ አልጋ ላይ መጣ። ሁለት ገጽ ሳልጨርስ እንቅልፍ ጣለኝ። ቀሰቀሰኝና ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "እማዬ፣ ድምፅሽን ለእነሱ ጨርሰሽ ነው የመጣሽው?" አብርሆት ቤተ መጻሕፍትን ላሳይህ ካልኩትም ይኸው መንፈቅ ሊሞላው ነው። አራት ኪሎን በሳምንት ስንቴ እንደማልፈው አትጠይቂኝ።

ኮሌጅ እያለን መጽሐፍ በየዘርፉ በሚደረደርበት በዲዊ ቁጥር ስንጣላ ትዝ ይልሻል? ብታዪ ትስቂያለሽ። እዚህ ከቁጥሮቹ ሁሉ በሕይወት ያለው 398.2 ብቻ ነው። ተረቶቹ መደርደሪያው ላይ አያድሩም። 963፣ የኢትዮጵያ ታሪክ፣ ለጥያቄና መልስ ውድድር ሰሞን ብቻ ይነሣል። ፊደሉን ደግሞ በራሴ ሥልጣን አሻሽዬዋለሁ። አንዱ "ኃይሉ" ብሎ ይጽፋል፣ አንዱ "ሀይሉ"፣ ሌላው "ሐይሉ"። የሦስተኛ ክፍል ልጅ የትኛው ሀ ጋ ሄዶ ይፈልግ? ሦስቱንም አንድ ላይ ሰበሰብኳቸው። መምህራችን ቢያዩኝ ዲፕሎማዬን ይነጥቁኝ ነበር። በእርዳታ በመጣ አንድ ካርቶን ውስጥ ደግሞ የእኛ ደራሲዎች በሙሉ በአባታቸው ስም ተመዝግበው አገኘሁ። ሁለት ቀን ሙሉ ልጆቹን ከአባቶቻቸው ስም ስለይ ዋልኩ።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። መጽሐፉ ሁሉ በሞዴል 19፣ በንብረት መቀበያ ደረሰኙ፣ ገቢ ሆኖ በእኔ ስም ተጽፏል። የጠፋውን የምጠየቀው እኔ ነኝ፣ ከደሞዜም ይቆረጣል። ከእኔ በፊት የነበረችው ሴት ስታስረክበኝ፣ "እህቴ፣ ምክር ልስጥሽ፣ ቆልፊ" አለችኝ። እውነቷን ነው፤ በእሷ ጊዜ አንድም መጽሐፍ አልጠፋም። አንድም አልተነበበም እንጂ። ሲዞር ያረጀ መጽሐፍ ያስጠይቃል፣ ሳይከፈት ብል የበላው ግን "በአገልግሎት ብዛት" ተብሎ ይወገዳል። ይኼን ማን እንዳወጣው እንጃ። አንቺ መጽሐፍ በአህያ ጋሪ ለልጆች የዞረባት ከተማ ነሽና ይገባሻል። አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ሐዋሳ ላይ ያንን ሲጀምሩ እንዳይጠፋ እንዳይቆሽሽ ቢሉ ኖሮ አህያዋ ከበረት አትወጣም ነበር።

እኔ ከፈትኩት። ዓርብ ይወስዳሉ፣ ሰኞ ይመልሳሉ። በቁጥር ካየሽው አላዋጣኝም፤ ዛሬ እስካሁን 17 ጎድሎብኛል። ጠዋት 18 ነበር። 18ኛዋ አትላሶቹ ጀርባ ተገኘች። የጥንቸል ተረት ናት፣ ጀርባዋ በስካች ተጣብቆ ተጣብቆ መጽሐፍነቷ ያጠራጥራል። ለካ አንድ ሰው ሌላ ልጅ እንዳይወስድበት አትላሱን የሚነካ እንደሌለ አጥንቶ ኖሯል የደበቃት። መሀሏ ላይ የብስኩት ወረቀት ለምልክት ገብቷል። ማን እንደሆነ ጠረጠርኩ። አራተኛ ክፍል ናት፣ በእረፍት ሰዓት ሁሌ አትላስ "የምታነብ"። እኔም ጎበዝ ጂኦግራፈር እያልኩ ለመምህሯ አሞግሳት ነበር!

መዝገቡ ላይ "ተገኘ" ብዬ ጻፍኩና መልሼ እዚያው አስቀመጥኳት። ወረቀቱን አልነካሁትም። ለዳይሬክተሩ እንዳትነግሪብኝ።

ሌላ ሥራ አልወጣም ወይ ብለሽ ስለ ጠየቅሽኝ ነገር፣ አዎ፣ ክፍት የሥራ ቦታ ወጥቶ ነበር። ቢሮ፣ ኮምፒውተር፣ ደሞዙም ይሻላል። ፎርሙን ሞልቼ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው ስዞር ቀኑ አለፈ። ስንፍና ይሁን ሌላ ነገር እኔም አልገባኝም። ስትመጪ እናወራበታለን።

ጳጉሜን ላይ ነይ። መስከረም ከገባ የመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ነው የምቀበረው፣ አታገኚኝም። እማዬም "ያቺ ሳቂታ ጓደኛሽ የት ገባች?" እያለች ነው። ስትመጪ ሰፊ ስካች ካገኘሽ አራት አምስት ያዢልኝ፤ እዚህ የሚሸጠው በሳምንቱ ይለቅቃል። እና ደግሞ ስንመረቅ የወሰድሽብኝን መጽሐፍ አምጪው። እሱንም እቆጥረዋለሁ።

ያንቺው