ስለ አዲሱ የጃዝና የዝናብ ቅጂ፦ ለደንበኞቻችን

ውድ ደንበኞቻችን፣

ስትሠሩ ከጀርባ የምታዳምጡት የጃዝ፣ የዝናብና የካፌ ድምፅ አዲሱ ቅጂ ከወጣ ወዲህ ብዙ ቅሬታ ደርሶናል። «ድምፁ ሞተ»፣ «የካፌው ወሬ የት ገባ?»፣ «ሳክስፎኑን ምን በላው?» ብላችኋል። ስላስቀየምናችሁ ይቅርታ። ውሳኔውን ግን አንመልሰውም፤ ምክንያቱን ስሙንና ፍረዱ።

በካፌው እንጀምር። ሰው ሲጽፍ ወይም ሲነድፍ በጆሮው የገባ ግልጽ ቃል፣ ባይፈልገውም፣ ትርጉሙ ይደርሰዋል። ከሃያ ሰው ጫጫታ ይልቅ አጠገባችን የሚያወራ አንድ ሰው ሐሳብ የሚበትነው ለዚህ ነው፤ በጫጫታው ውስጥ ቃል ከቃል ተደባልቆ አይለይም። በቀድሞው ቅጂ ላይ የአንድ ጠረጴዛ ጨዋታ ጥርት ብሎ ይሰማል። ብዙዎቻችሁ የምትወዱት እሱን መሆኑን እናውቃለን። ለብቸኝነት ጥሩ ጓደኛ ነው፤ ለሥራ ግን አይሆንም። አሁን ማይክሮፎኑን ከጠረጴዛዎቹ አርቀን የቀዳናቸውን ሦስት ቅጂዎች ደራርበናል፤ ከድምፁ ቅጥነትና ውፍረት ከ1,000 እስከ 4,000 ሄርዝ (በሰከንድ የሚቆጠር ንዝረት) ያለውን ክፍልም ቀነስ አድርገነዋል። ቃላትን ለመለየት ጆሮ በብዛት የሚደገፈው በዚያ ክፍል ላይ ነውና፣ የቀረው ጉምጉምታ ብቻ ነው።

ሳክስፎኑም አልጠፋም። ሶሎው የሰው ዜማ ስለሚመስል ጆሮ ይከተለዋል። ስለዚህ ከኋላ ሆኖ ረጅም ኖታ ብቻ ይይዛል፤ ፊት ለፊት ያሉት ፒያኖ፣ ደብል ቤዝና በብሩሽ የሚመታ ስኔር ከበሮ ናቸው፣ በደቂቃ ከ60 እስከ 80 ምት።

«ድምፁ ሞተ» የተባለው 9 ዴሲቤል ስላወረድነው ነው። 10 ዴሲቤል መቀነስ ለጆሮ በግምት ግማሽ ያህል መውረድ ስለሆነ ቅሬታችሁ አይገርመንም። ግን ሙዚቃን በሊሚተር፣ ማለትም ከፍ ያለውን ድምፅ በሚገድብ መሣሪያ፣ ጨፍልቆ ማስጮህ የብሩሹን ሹክሹክታ ከፒያኖው እኩል ያደርገዋል፤ ጆሮም ቶሎ ይደክማል። የድምፅ መጨመሪያውን ከፍ ብታደርጉት የሚጎድል ነገር የለም። ራቪ ሜታ፣ ሩይ ዡና አማር ቺማ እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት፣ 70 ዴሲቤል አካባቢ ያለ የጀርባ ድምፅ ከ50 ዴሲቤል ይልቅ ለፈጠራ ሥራ ረድቷል፤ 85 ሲደርስ ግን ጎድቷል። በጮኸ ቁጥር ይሻላል ማለት አይደለም።

ጃዙንና ዝናቡን ለምን በሁለት ፋይል ለያችሁ ለምትሉን፦ ጃዙ 47 ደቂቃ፣ ዝናቡ 31 ደቂቃ ነው። ሁለቱ አብረው እየተደጋገሙ ሲሄዱ መነሻቸው እንደገና የሚገጥመው ከ1,457 ደቂቃ፣ ማለትም ከ24 ሰዓት ከ17 ደቂቃ በኋላ ነው። በአንድ ፋይል ቢቀላቀሉ ግን ያው ነጎድጓድ ያው ኖታ ላይ እየወደቀ ይመጣል፤ ጆሮ ያንን አንዴ ከያዘ አይለቅም። ኤምፒስሪ (MP3) የተባለውን የፋይል ዓይነት የተውነውም መነሻና መድረሻ ላይ ድምፅ አልባ ቅንጣት ስለሚጨምርና ድግግሞሹ ላይ ስለሚቆራረጥ ነው። አሁን የምንጠቀመው ፍላክ (FLAC)፣ ድምፁን ሳያጎድል የሚያምቅ የፋይል ዓይነት፣ ይህ ችግር የለበትም፤ ከባድ መሆኑ ግን እውነት ነው። በተለይ ዝናብ የሚደጋገም ነገር ስለሌለው እምብዛም አይታመቅም።

«ወጪ ለመቀነስ ነው» ያላችሁን ቃል ግን መዋጥ ከብዶናል። ትልቅ ፋይል ማስቀመጥና ማድረስ የበለጠ ያስከፍላል፤ ሙዚቀኞቹም ስቱዲዮውም የሚከፈሉት በሰዓት ነው፣ ሁሉም ጨምሯል። በማሽን የተሠራ ጃዝ በርካሽ ማቅረብ እንችል ነበር። አላደረግነውም። አንድ የዝናብ ቅጂ ብቻ በነበረን ጊዜ አምናችሁ የገዛችሁን ደንበኞች እንዲህ ልንመልስላችሁ አንፈልግም።

የድምፁን መጠን ስታስተካክሉ ከጃዙ ጀምሩ፤ ፒያኖው ሳትጥሩ እስኪሰማችሁ ብቻ ክፈቱት። ከዚያ የኪቦርዳችሁን ኳኳታ እስኪሸፍን ዝናቡን ጨምሩና ትንሽ መልሱት። ዜማው ወዴት እንደሚሄድ ስትጠብቁ ራሳችሁን ካገኛችሁት ጃዙ በዝቷል። በማዳመጫ ከሆነ ከዝቅተኛው ተነሡ። ለእርማትና ለሒሳብ ሥራ ጃዙን ዘግታችሁ ዝናቡን ብቻ ተዉት።

የቀድሞውን ቅጂ የገዛችሁ ሁሉ ከመለያ ገጻችሁ እንደ ወትሮው ታወርዱታላችሁ፤ አናነሳውም። አዲሱን ግን እባካችሁ አንድ የሥራ ሳምንት ስጡት። ካልተስማማችሁ ጻፉልን፣ ገንዘባችሁን እንመልሳለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የድርጅቱ ባለቤቶች