የግብርና ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ የአላባማው ጋሪና የእኛ ክምር

መስከረም መጨረሻ ላይ ሃያ ሦስት ተማሪዎች ለክበቡ ሲመዘገቡ ሃያ ሦስቱም የጠበቁት ችግኝ ተከላ ነበር። ባለፉት ዓመታት የሠራነው ያንኑ ነው፤ ተክለን፣ ፎቶግራፍ ተነሥተን እንበተናለን፤ ችግኙን ጥር ላይ የሰፈሩ በግ ይጨርሰዋል። ዘንድሮ ሌላ ሐሳብ ይዤ ገባሁ። ከመቶ ዓመት በፊት፣ ራዲዮ እንኳ በየቤቱ ባልነበረበት ዘመን፣ የእርሻ ምክር ለድኻ ገበሬ በምን መንገድ ይደርስ እንደነበር እናጥና፤ የሚሞከረውን በትምህርት ቤታችን ጓሮ እንሞክር አልኳቸው። በፊታቸው ላይ ያየሁትን ቅሬታ እዚህ አልጽፈውም።

የመረጥነው የአሜሪካን ደቡብ ነው። (የአሜሪካው ታሪክ ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ጆርጅ ዋሽንግተን ካርቨር በባርነት ተወልዶ የእርሻ ሳይንስ የተማረ ሰው ነው። በ1896 ቡከር ቲ. ዋሽንግተን አላባማ ውስጥ ወደሚገኘው፣ እሱ ራሱ ወደሚመራው የተስኪጊ የጥቁሮች ትምህርት ቤት አስመጣው። የጠበቀው መሬት ለብዙ ዘመን ጥጥ በጥጥ ላይ ሲዘራበት የኖረ፣ የተሟጠጠና ጎርፍ ያቦረቦረው ነበር። በዙሪያው ያሉት ገበሬዎች አብዛኞቹ ከባርነት የወጡ ጥቁሮችና ልጆቻቸው ናቸው፤ ለማዳበሪያ የሚተርፍ ገንዘብ የላቸውም። ስለዚህ የጫካ ቅጠልና የረግረግ ጭቃ ሰብስባችሁ አብስብሱ፣ ጠለቅ አድርጋችሁ እረሱ፣ ጥጡን ካውፒ ከሚባለው የቦሎቄ ዘመድ፣ ከስኳር ድንችና ከኦቾሎኒ ጋር እያፈራረቃችሁ ዝሩ ይላቸው ነበር። ይህንን ከ1898 ጀምሮ ማንም በሚገባው ቋንቋ በትንንሽ ጥራዞች እያሳተመ አሠራጨ። በ1916 የወጣው ጥራዝ ኦቾሎኒ እንዴት እንደሚለማ አስረድቶ በ105 ዓይነት መንገድ ለምግብ እንደሚዘጋጅ ይዘረዝራል። ሦስት ልጆች “ካርቨር የኦቾሎኒ ቅቤን ፈለሰፈ” ብለው ጽፈው መጥተው ነበር። አልፈለሰፈም። ይህ ስሕተት በየቦታው ስለሚደጋገም በቀይ እስክሪብቶ ሳይሆን በክርክር ነው ያረምኩት።

ልጆቹን የማረካቸው ግን ጥራዙ ሳይሆን ጋሪው ነው። ማንበብ ለማይችል ገበሬ ጥራዝ ምን ያደርግለታል? በ1906 ሞሪስ ጀሰፕ የተባለ የኒውዮርክ ባለጸጋ በረዳው ገንዘብ ተስኪጊ በበቅሎ የሚሳብ ጋሪ አሠራ። ማረሻ፣ የወተት መናጫ፣ ክሬም መለያና የጓሮ አትክልት መሣሪያ ተጭኖበት ከመንደር መንደር ዞረ። ይዞት የሚዞረው ቶማስ ካምቤል የተባለ የተስኪጊ ምሩቅ ነበር፤ የአሜሪካ መንግሥት የቀጠረው የመጀመሪያው ጥቁር የእርሻ ልማት ሠራተኛም እሱ ነው። የቀበሌያችን የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ክበባችንን ሊጎበኝ መጥቶ ይህንን ሲሰማ “እኔ በቅሎም የለኝ” ብሎ አሳቀን።

በዚያው ዘመን ከሜክሲኮ ተሻግሮ የገባ ጥጥ በል ነቀዝ ቴክሳስን እያወደመ ነበር። ሲመን ናፕ የተባለ ሰው፣ ሰባ ዓመት ሊሞላው ሲል፣ በ1903 ቴሬል በምትባል ከተማ አጠገብ ሌላ ዘዴ ሞከረ። ገበሬውን ወደ መንግሥት የሙከራ ጣቢያ መውሰድ ቀርቶ፣ አንዱ ገበሬ በገዛ ማሳው፣ በገዛ እጁ የተመከረውን ይሥራ፤ ከከሰረ ኪሳራውን የከተማው ነጋዴዎች ይሸፍኑለታል። ገበሬው አልከሰረም፤ ጎረቤቶቹም አጥር ላይ ተደግፈው ሲያዩ ከረሙ። አባቶች እምቢ ያሉበት ቦታ ደግሞ በልጆቹ በኩል ተገባ። ለወንዶቹ የበቆሎ ክበብ ተቋቋመ፤ አንድ ልጅ፣ አንድ ኤከር። በ1910 በደቡብ ካሮላይና ጄሪ ሙር የሚባል ልጅ ከአንድ ኤከር 228 ቡሼል በቆሎ አገባ። ኤከር ከአንድ ጥማድ ተኩል ትንሽ ይበልጣል፤ ምርቱ በእኛ ወደ 58 ኩንታል መሆኑ ነው። ሒሳቡን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሁለት ጊዜ ሠርተን ነው ያመንነው። በዚያው ዓመት በዚያው ክፍለ ግዛት የሴት ልጆች የቲማቲም ክበብ ተጀመረ፤ ለእያንዳንዷ የአንድ ኤከር አንድ አሥረኛ። የእኛ ሴቶች “ለምን አንድ አሥረኛ?” ብለው ተቆጡ። ትክክል ናቸው።

ከሁሉ የከበደውን ጥያቄ ያነሣችው ግን አባቷ የሰው መሬት በእኩል የሚያርስ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ናት። “መምህር፣ መሬቱ የእሱ ካልሆነ ለማን ብሎ ነው የሚያዳብረው?” አለችኝ። የደቡቡ እኩል አራሽ ዘሩንም ቀለቡንም በዱቤ ይወስዳል፤ ባለመሬቱና ባለሱቁ በቶሎ የሚሸጥ ጥጥ ይፈልጋሉ፤ ማፈራረቅ የእሱ ውሳኔ አይደለም። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ማሳ ላይ ሊገኝ ይችላል። በጥሩ ምክር የሚፈታ ችግር አልነበረም። በዚያው ሳምንት አንድ የተማሪ አያት ጋብዘን ነበርና ጥያቄውን ለእሳቸው አቀረብንላቸው። እሳቸው ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በፊት ጭሰኛ ነበሩ። “ፍጉን ወደ ጓሯችን እንጂ ወደ ጌታው ማሳ አናወጣም ነበር” አሉ። ከዚያ በኋላ ስለ ማፈራረቅ ስናወራላቸው ባቄላ የተነሣበት መሬት ለስንዴና ለገብስ እንደሚመች ከአባታቸው እንደ ተማሩ ነገሩን። ካርቨርን አልሰሙም፤ መስማትም አላስፈለጋቸውም።

አሁን ወደ ራሳችን ክምር። የካርቨርን ቃል ቃል በቃል ወስደን የጫካ ቅጠል ሰበሰብን። እዚህ ደብረ ብርሃን ዙሪያ ደግሞ ጫካ ማለት ባሕር ዛፍ ነው። ጥቅምት ላይ የከመርነው ቅጠል ጥር ላይ ሲገለጥ እንደ ተከመረ ተቀምጧል፤ ሽታው ብቻ የጉንፋን መድኃኒት ሆኗል። የባሕር ዛፍ ቅጠል ዘይት ስላለው ቶሎ እንደማይበሰብስ አውቅ ነበር፤ እንዳይሠሩት መከልከል ሲገባኝ እስኪያዩት ዝም አልኩ። ሦስት ወር የፈጀ ዝምታ ነበርና ወላጆች ቢወቅሱኝ እቀበላለሁ።

ሁለተኛውን ክምር በገለባ፣ በአረም፣ በፍግና በአመድ ሠራነው። በመካከሉ እንጨት ሰክተን በየሳምንቱ እየነቀልን ዳሰስነው፤ ሞቅና ረጠብ ካለ ደግ ነው፣ ደርቆ ከወጣ ውኃ ይሻል። ቀደም ሲል አንድ ወላጅ በሰጡን የበሰለ ብስባሽ ደግሞ ሁለት የጎመን መደብ አዘጋጅተን አንዱን አዳበርን፣ አንዱን ተውን። የዳበረው በልጦ ወጣ። ጭብጨባው ሳይበርድ አንድ ዘጠነኛ ክፍል ልጅ “የዳበረው መደብ ለቧንቧው ቅርብ ነው እኮ” አለ። ጭብጨባው ቆመ። መደቦቹን አለዋውጠን እንደገና ተክለናል፤ እስከዚያ ድረስ ብስባሹ በለጠ ብለን አንጽፍም። የዓመቱ ምርጥ የክበብ አባል ሽልማት የተሰጠው ለዚህ ልጅ ነው።

የራሳችንን አንድ ገጽ ጥራዝም አዘጋጀን። የመጀመሪያው ረቂቅ “ናይትሮጅን” እና “ኦርጋኒክ ንጥረ ነገር” የሞላበት ነበር። የአንዷ ተማሪ አያት ሲነበብላቸው በትዕግሥት ሰምተው “ደግ ብላችኋል ልጆቼ፤ ታዲያ ምን ላድርግ?” አሉ። ሁለተኛው ረቂቅ በእንቅብ ተጻፈ፤ ሦስት እንቅብ ገለባና አረም፣ አንድ እንቅብ የከብት ፍግ፣ ላዩ ላይ አመድ መነስነስ። እሳቸውም “እበቱን ለመሬት ሰጥቼ ምጣዱን በምን ላንድድ?” አሉ። ኩበት የሌለበት ቤት እንጀራ እንደማይጋገር የዘነጋነው ሃያ አራታችንም ነን። ሦስተኛው ረቂቅ ላይ ፍጉ ወጥቶ ለኩበት የማይሆነው የበግ በጠጥ ገባ። ይህንን አያታችን አጸደቁት።

ሚያዝያ ላይ የፈረስ ጋሪ ተውሰን በገበያ ቀን ወጣን። ጥራዙን፣ በጆንያ ብስባሽ፣ ዶማና ለማሳያ የሚሆን ሁለት ትልልቅ ጥቅል ጎመን ጫንን። ሰው ተሰበሰበ፤ የብዙው ጥያቄ ግን “ጎመኑ ስንት ነው?” የሚል ነበር። እኔ ከአንድ አዛውንት ጋር ስለ በጠጥ ስወያይ ገንዘብ ያዣችን ሁለቱንም ሸጣቸዋለች። ቀሪው ሰዓት ያለ ማሳያ አለፈ፤ ገንዘቡ በመዝገብ ገብቷል።

ሁለተኛው ክምር ሰኔ መጀመሪያ ላይ ተገላብጦ በገለባ ተሸፍኗል። ክረምቱን ዝናብ እንዳይገባበት የሚጠብቁልን የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ናቸው፤ የመሣሪያ ቤቱም ቁልፍ እሳቸው ጋ ነው። መስከረም በሁለተኛው ሳምንት እንከፍተዋለን፤ ቤታችሁ መንሽ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፣ የክበቡ አንዱ ተሰብሯል።